ኤችአይቪ አይደለም፣ ተመስገን

የመጀመሪያ የእርግዝና ክትትሌ ዕለት ሲስተሯ «ከኤችአይቪ ነጻ ነሽ» ስትለኝ ከዚያ በኋላ ያለችውን ግማሹን አልሰማሁትም። «የጉበት ቫይረስ ቢ ግን ተገኝቶብሻል» ብላኛለች። እኔ ግን ልቤ «ነጻ ነሽ» ላይ ቀርቷል። ተመስገን እያልኩ ወጣሁ።

አማቴ «የወፍ በሽታ ነዋ! መድኃኒቱን የሚያውቁ ሰውዬ አሉ» አሉ። ዓይኔ ቢጫ አልሆነ፣ ሽንቴ አልጠቆረ። ይህ ቫይረስ ጉበት ውስጥ ለዓመታት ድምፁን አጥፍቶ ይቀመጥና አንዳንዱን ሰው ጉበቱ ከጠነከረ ወይም ካንሰር ከያዘው በኋላ ነው የሚያስነቃው። የሰውዬውን ቅጠል እምቢ አልኩ፤ አማቴም ስኒዬን ለዩት። በስኒም ሆነ በጉርሻ እንደማይተላለፍ ብነግራቸውም አልሰሙኝም።

ሐኪሙ እንዳስረዱኝ የሚያሰጋው ከሁሉ በላይ ምጡና ወሊዱ ነው፤ ሕፃኑ በእናቱ ደምና ፈሳሽ መካከል ነው የሚያልፈው። ጤነኛ አዋቂ በቫይረሱ ቢያዝ አብዛኛውን ጊዜ ሰውነቱ ራሱ ያጸዳዋል። ሲወለዱ ከተያዙ 10 ሕፃናት ግን 9ኙ ያህል ዕድሜ ልካቸውን ተሸክመውት ይኖራሉ። ስለዚህ የቫይረሱ መከላከያ ክትባት ሕፃኑ በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ መሰጠት አለበት። አገራችን እ.ኤ.አ. በ2007 የጀመረችው አምስት በአንድ የሆነው ክትባት የጉበት ቫይረስ ቢንም ይከላከላል፤ የሚጀመረው ግን ሕፃኑ 6 ሳምንት ሲሞላው ነው። ለእኔ ልጅ ያ በጣም የዘገየ ነው።

የቫይረሱ መጠን ሲለካ ከ200,000 በላይ ሆነ። ከ28ኛው ሳምንት ጀምሮ በቀን አንድ ጊዜ ቴኖፎቪር እንድውጥ ታዘዘልኝ። ለኤችአይቪ ሕክምና ከሚሰጡት አንዱ ይኸው መድኃኒት ነው! ቤት እንደገባሁ የብልቃጡን ወረቀት በጥፍሬ ልጬ፣ ከሕፃኑ ጨርቆች ሥር ሸጎጥኩት።

የሚገርመው፣ ያን ያህል የፈራሁት ቫይረስ መንገዱ የተጠረገ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2013 ወዲህ ኤችአይቪ የተገኘባት ነፍሰ ጡር ሁሉ የሲዲ4 ምርመራ ውጤት ሳይጠበቅ መድኃኒት እንድትጀምር ተወስኗል፤ ልጇም የራሱ ክትትል አለው። ለእኔ ግን ክትባቱን ቀድሞ የመፈለጉ ዕዳ የራሳችን ሆነ። ልወልድበት ያሰብኩት ቦታ እንደሌለው የሰማሁት ስለጠየቅሁ ብቻ ነው። ባለቤቴ ፋርማሲ ለፋርማሲ ዞሮ አገኘውና የምጡ ዕለት በበረዶ ሳጥን ይዞት መጣ። ልጄ ሳይመሽ ጭኑ ላይ ተወጋ፤ ጡቴንም ያዘ። ማጥባት አይከለከልም።

ቤተሰብ ሁሉ ይመርመር ሲባል እናቴም ላይ ተገኘ። የሰማች ዕለት ቡና ታፈላ ነበር፤ ስኒ መደርደሯን ሳታቆም «ታዲያ እኔ ነኛ የሰጠሁሽ?» አለችኝ። አዎም አይደለምም አላልኳት። እኔን ስትወልድ የመረመራት አልነበረም፤ ለእሷም ማን እንደሰጣት አይታወቅም።

ልጄ ክትባቱን ጨርሶ፣ 9 ወር ካለፈው በኋላ ተመርምሮ ነጻ መሆኑ ታውቋል። እናቴና እኔ በየ6 ወሩ አንድ ቀን ተቀጥረን ደም እንሰጣለን፣ ጉበታችንም በአልትራሳውንድ ይታያል። ታናሽ ወንድሜ ግን እስካሁን አልተመረመረም። ሚስቱ ደግሞ አርግዛለች። ስጨቀጭቀው መልሱ «ምን አመመኝና?» ነው።