የእህታችን ልጅ ላፕቶፕ

ስለ ኮምፒዩተር ጨዋታ ልንጽፍ ነው ስንል ገና ከመነሻው ፊታቸውን የሚያጠቁሩ ወላጆች እንደሚኖሩ እናውቃለን። እኛም ከእነርሱ ወገን ነበርን። ጠዋት በመንግሥት ትምህርት ቤት፣ ከዐስር ሶላት በኋላ ደግሞ በመድረሳ ስናስተምር የምንውል በመሆናችን፣ ሌሊቱን በጨዋታ አሳልፎ በክፍል ውስጥ የሚያንቀላፋ ተማሪ ባየን ቁጥር ስንቆጣ ኖረናል። በዚህ ረገድ ዛሬም ሐሳባችንን አልለወጥንም። ይሁንና በአንድ ላፕቶፕ ምክንያት ያጋጠመን ነገር፣ ከመቆጣት በፊት ቀረብ ብሎ ማየት እንደሚገባ አስተምሮናል። በዚያውም እንደ እኛ በሙቀት አገር ለሚኖሩ ወጣቶች የሚጠቅም ዕውቀት ስላገኘንበት ለአንባቢያን ልናካፍል ወደድን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ ረመዷን ሊያልቅ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ በካርቱም ጦርነት ተቀሰቀሰ። በዚያች ከተማ ለብዙ ዓመታት የኖሩ ኢትዮጵያውያንም ከሱዳናውያን ጋር ተሰደዱ። ከእነዚህ አንዷ ታላቅ እህታችን ነበረች። በግንቦት ወር ሁለት ልጆቿን ይዛ በገዳሪፍ በኩል ገላባት ደረሰች፤ ከዚያም ድንበሩን ተሻግራ መተማ ዮሐንስ ከእኛ ቤት ገባች። አልሐምዱሊላህ፣ ሁሉም በሕይወት ነበሩ። ይዘው የመጡት ግን አንድ ሻንጣ ልብስ፣ ጥቂት ወረቀትና የታላቁ ልጇን ላፕቶፕ ብቻ ነበር።

ልጁ ያን ጊዜ 15 ዓመቱ ነበር። ካርቱም ተወልዶ ስላደገ ዐረብኛው ከአማርኛው ይቀድመዋል፤ እኛንም የሚጠራን «ያ ኻል» እያለ ነው። ሲጠሩት አቤት ይላል፣ ሲልኩት ይሄዳል፣ ከዚያ ውጭ ግን አይናገርም። ቀኑን ሙሉ ከላፕቶፑ ጋር ነው። አንድ የእግር ኳስ ጨዋታ ይከፍታል። ጥቂት ደቂቃ እንደተጫወተ ሥዕሉ መቆራረጥ ይጀምራል፤ ኳሱ እዚህ ሲታይ ቆይቶ ድንገት እዚያ ይገኛል፤ የማቀዝቀዣው ቬንትሌተር እንደ ወፍጮ ይጮኻል። ይዘጋዋል። ከአፍታ በኋላ እንደገና ይከፍተዋል። ከጠዋት እስከ ማታ እንዲህ ነው።

እኛም በመምህርነት ወጋችን ፍርድ ሰጠን። «ይህን ጌም አጥፋውና ላፕቶፑ ለትምህርት ይዋል፤ ያለበትን ሁሉ ደምስሰን እንደ አዲስ ብንጭነው ይፈጥናል» አልነው። መልስ አልሰጠንም። በማግሥቱ ደገምንለት፤ ዝም አለ። በሦስተኛው ቀን እህታችን ወደ ጓዳ ጠርታ፣ «ወንድምዓለም፣ እስኪ ከመናገርህ በፊት አጠገቡ ቁጭ በል» አለችን።

አጠገቡ ተቀመጥን። «ለምንድን ነው የማታጠፋው?» ብለን ስንጠይቀው፣ «ያ ኻል፣ ልጆቹ ይጠፋሉ» አለን።

የትኞቹ ልጆች እንደሆኑ አልገባንም ነበር። ጨዋታውን ከፍቶ አሳየን። የራሱን ቡድን አቋቁሟል። ዐሥራ አንዱም ተጫዋቾች የካርቱም ሰፈሩ ልጆች ናቸው። ጦርነቱ ከመነሣቱ ከአንድ ዓመት በፊት፣ በረመዷን፣ ከተራዊሕ በኋላ ተሰብስበው የእያንዳንዳቸውን ስም፣ ቁመትና የፀጉር አቆራረጥ ሳይቀር እየተሳሳቁ ያስገቡት ነው። አሁን ግብ ጠባቂው ግብፅ ነው። ሁለቱ ፖርት ሱዳን ናቸው። ሦስቱ ያሉበት አይታወቅም። ልጁ ይህን ሁሉ ጣቱን ከስም ወደ ስም እያሻገረ ነገረን፤ ከመጣ ጀምሮ ያን ያህል ሲናገር ስንሰማው የመጀመሪያችን ነበር።

አንባቢያን ሆይ! ያን ዕለት ማታ በራሳችን አፈርን። ይሁን እንጂ ማፈር ብቻውን ላፕቶፑን አያስተካክለውም። ስለዚህ በማግሥቱ ደብተርና እስክሪብቶ ይዘን ከልጁ ጋር ሥራ ጀመርን።

ከሁሉ በፊት የቡድኑ መረጃ የተቀመጠበትን ፋይል ፈልገን በፍላሽ ገለበጥን። ማንኛውንም ነገር ከመነካካት በፊት ይህን ማድረግ ይገባል። ቀጥለንም ጨዋታው መቼ እንደሚበላሽ በደብተር መመዝገብ ያዝን። ከሱብሒ ሶላት በኋላ ሲከፈት ረጅም ጊዜ በደኅና ይሄዳል፤ ከቀኑ 8 ሰዓት ሲከፈት ግን ሰባት ደቂቃ እንኳ አይቆይም። በዚህ ጊዜ ነገሩ ተገለጠልን። ላፕቶፑ አቅም የሌለው ቢሆን ኖሮ ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ በተቆራረጠ ነበር። በደኅና ጀምሮ በኋላ የሚወድቅ ከሆነ ግን ጠላቱ ሙቀት ነው።

የመተማን ሙቀት የማያውቅ ሰው ይህን ላያስተውል ይችላል። በበጋው መጨረሻ በቆላው ወረዳችን ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። የኮምፒዩተር ዋና አንጎል የሆነው ፕሮሰሰር ደግሞ ሙቀቱ ወደ 100 ዲግሪ ሲጠጋ ራሱን ከመቃጠል ለማዳን ፍጥነቱን በራሱ ይቀንሳል። ቬንትሌተሩ የሚያቀዘቅዘው በክፍሉ አየር ስለሆነ ከክፍሉ አየር በታች ሊያወርደው አይችልም። እንግዲህ ሒሳቡን እንሥራው። ጎንደር ላይ 22 ዲግሪ በሆነ ክፍል ውስጥ ፕሮሰሰሩ 100 እስኪደርስ 78 ዲግሪ ይቀረዋል። መተማ ላይ 42 ዲግሪ በሆነ ክፍል ግን 58 ዲግሪ ብቻ ነው የሚቀረው። ያው ላፕቶፕ ቦታውን በመለወጡ ብቻ ከመተንፈሻው ሩብ ያህሉን ያጣል ማለት ነው። ልጁ ካርቱም ሳለ የሚጫወተው አየር ማቀዝቀዣ ባለበት ክፍል ነበር። ደምስሶ እንደ አዲስ መጫን ለዚህ በሽታ መድኃኒት እንደማይሆን ያን ጊዜ ተረዳን።

የመጀመሪያው ሥራችን አቧራውን ማውጣት ነበር። ላፕቶፑን አጥፍተን፣ ከመብራት ነቅለን፣ የታች ክዳኑን በትንሽ ካቻቢቴ ከፈትን። ቬንትሌተሩ በከንቱ እንዳይሽከረከር በጣታችን ይዘን በለስላሳ ብሩሽ ጠረግነው፤ የወጣው አቧራ አንድ እፍኝ ይሆናል። ቀጥሎም ፍራሽ ላይ አስቀምጦ መጫወትን ከለከልን፤ ፍራሽ የአየር መግቢያውን ይደፍነዋልና። በምትኩ ፍራሹን አንሥተን በአገራችን በተለመደው የገመድ አልጋ ላይ አስቀመጥነው። በገመዶቹ መካከል አየር እንደልብ ይገባል።

ሁለተኛው ሥራ በዊንዶውስ የኃይል ማስተካከያ ውስጥ ነው። የፕሮሰሰሩ ከፍተኛ አቅም 100 በመቶ ተብሎ የተቀመጠውን 99 አደረግነው። አንድ በመቶ ምን ይጠቅማል? ይባል ይሆናል። በብዙ ላፕቶፖች ግን ይህ ቁጥር ከ100 ሲወርድ ፕሮሰሰሩ ለአፍታ የሚያደርገውን ፈጣን ግልቢያ ይተዋል። ብዙውን ሙቀት የሚያመጣውም ያ ግልቢያ ነው።

ሦስተኛው የጨዋታው የራሱ ግራፊክስ ማስተካከያ ነው። እዚህ ላይ አንድ ሕግ አወጣን፤ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ እንለውጣለን፤ ከለወጥን በኋላ ከግማሽ ሰዓት ያላነሰ እንጫወታለን፤ ውጤቱንም በደብተር እንጽፋለን። ሙቀት ቀስ በቀስ ስለሚጠራቀም የሁለት ደቂቃ ፈተና ያታልላል።

ከሁሉ የሚበልጠውን ለውጥ የሚያመጣው የሥዕሉ መጠን፣ ማለትም ሬዞሉሽን ነው። 1920 በ1080 ሲሆን ኮምፒዩተሩ ለእያንዳንዱ ሥዕል 2,073,600 ነጥቦችን ይስላል። 1280 በ720 ሲሆን 921,600 ነው፤ ከግማሽም ያንሳል። እኛ ደግሞ በጉጉት ከዚያም ዝቅ አድርገን 800 በ600 አደረግነው። ጨዋታው እንደ ውኃ ፈሰሰ። ደስ ብሎን ወደ ልጁ ስንዞር ግን ፊቱ ጠቁሯል።

«ስሙ አይነበብም» አለን።

እውነት ነበር። ኳስ የያዘው ተጫዋች ስም በስክሪኑ ላይ ይጻፋል። ሥዕሉ ሲያንስ ያ ጽሑፍ ደብዝዞ ነበር። ለእኛ ጨዋታው ኳስ ነው፤ ለእርሱ ግን ኳሱ ከስም ወደ ስም ሲተላለፍ ማየት ነው። ስለዚህ ወደ 1280 በ720 ተመለስን፤ ስሙ ይነበባል። የጎደለውን አቅም ከሌላ ቦታ መፈለግ ነበረብን።

በስታዲየሙ ያለውን ተመልካች ዝቅተኛ አደረግነው። የተጫዋቾቹን ጥላ ዘጋን፤ ጥላ ብዙ ስሌት የሚጠይቅ ነገር ነው። የሣሩን ዝርዝር ቀነስን። የሥዕሎችን ጠርዝ የሚያለሰልሰውንም አጠፋን። በመጨረሻም የፍሬም ብዛቱን ወሰንን። ፍሬም ማለት በአንድ ሴኮንድ የሚታዩት ሥዕሎች ናቸው። ገደብ ሳይኖረው ጨዋታው አንዴ 60፣ አንዴ 18 ይሆን ነበር። 30 ላይ ስንወስነው እያንዳንዱ ሥዕል በ33 ሚሊሴኮንድ ልዩነት እኩል እኩል ይመጣል። ዐይን የሚያስቸግረው የቁጥሩ ማነስ ሳይሆን መዛነፉ ነው። ከዚህም በላይ ፕሮሰሰሩ በየመካከሉ ስለሚያርፍ ሙቀቱ ይቀንሳል።

እዚህ ላይ ለወጣቶች አንድ ነገር እንጨምር። እንደ ልጁ ላፕቶፕ የተለየ የግራፊክስ ካርድ የሌላቸው ኮምፒዩተሮች ከዋናው ራም ላይ እየተበደሩ ነው የሚሠሩት። በመሆኑም ከጨዋታው በፊት ሌሎች ፕሮግራሞችን መዝጋት ይገባል። ሁለት የራም ማስገቢያ ኖሮት አንዱ ባዶ ከሆነም ሁለተኛ ራም መጨመር ለግራፊክሱ ሌላ መንገድ ይከፍትለታል። በባትሪ ብቻ ሲጫወቱ ግን ብዙ ላፕቶፖች ፍጥነታቸውን ስለሚቀንሱ ሥዕሉ ቢቆራረጥ አያስደንቅም።

በአራተኛው ቀን፣ ከዒሻእ ሶላት በኋላ፣ ልጁ አንድ ሙሉ ግጥሚያ ሳይቆራረጥበት ጨረሰ። ጨረሰና ላፕቶፑን ዘግቶ ለእናቱ ውኃ ሊቀዳ ወጣ። ከጠዋት እስከ ማታ ከማሽኑ ጋር የሚውለው አንዲት ግጥሚያ ሙሉ በሙሉ መጨረስ ስላቃተው መሆኑን ያን ጊዜ ነው ያወቅነው። ከዚያም በስምምነት በቀን አንድ ግጥሚያ ወሰንን፤ እስካሁን በቃሉ ጸንቷል። ላፕቶፑም ቀን ቀን ለትምህርቱ ይውላል።

ደብተሩን እርሱ ወሰደው። የክፍል ጓደኞቹ ላፕቶፕ ሲሞቅባቸው ወደ ቤታችን ይመጣሉ፤ እርሱም እየገለጠ በአማርኛ ያስረዳቸዋል፤ ቃል ሲጠፋበት በዐረብኛ ይሞላዋል፤ የድንበር ልጆች ስለሆኑ ይገባቸዋል።

ውድ ወላጆች! ጨዋታ ሁሉ ይፈቀድ ማለታችን አይደለም። ልጁ በስክሪኑ ላይ ምን እንደሚያይ ሳይጠይቁ «አጥፋው» ማለት ግን ምን እንደሚጠፋ ሳያውቁ ማጥፋት ነው። እኛ ሦስት ቀን ሙሉ ያን ልናደርግ ነበር።

ካሉበት ያልታወቁት ከሦስቱ ልጆች አንዱ ከወራት በኋላ መልእክት ልኮ ደኅንነቱ ተሰምቷል። የሁለቱ ወሬ የለም። በቡድኑ ውስጥ ግን ቦታቸውን እንደያዙ ናቸው፤ አንዱ በግራ ክንፍ፣ ሌላው ተከላካይ። አላህ ባሉበት ይጠብቃቸው፤ በሰላም ያገናኛቸው። አሚን።