ከኦቶሞቢል ሥር የተማርሁት

ባለፈው ክረምት ትምህርት ቤት ሲዘጋ ወደ እንግሊዝ አገር ሄጄ፥ አቢንግደን በተባለችው ከተማ አንድ ጡረተኛ ሽማግሌ ቤት በእንግድነት ሰንብቼ ነበር። ሽማግሌው ከንብረታቸው ሁሉ አብልጠው የሚወዱት ኤም ጂ ቢ የምትባለውን ትንሽ ኦቶሞቢላቸውን ነው። ይህች ዓይነት ኦቶሞቢል እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1962 እስከ 1980 ዓ.ም. በዚያችው ከተማ ትሠራ ነበር፤ ፋብሪካው ከተዘጋ ዘመን ቢያልፈውም ወዳጆቿ እስከ ዛሬ እየጠገኑ ይነዷታል።

አንድ ቀን በዝናብ ምክንያት የሸራ ጣራዋን ዘግተን ስንሄድ ራሴን አመመኝ። ሽማግሌው የሞተሩን ድምፅ ጥቂት አዳመጡና፥ «ቧንቧው ተበስቷል፤ ጭሱ ወደ ውስጥ እየገባ ነው» ብለው መስኮቱን ከፈቱ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ሰውን ሳያስነቃ ይገድላል። ይህን እኔው ራሴ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፌ አስተምሬአለሁ፤ አጠገቤ ሲቀመጥ ግን አላወቅሁትም።

አዲሱ የጭስ ማውጫ ከነማርሚታው በመጣ ጊዜ ኦቶሞቢሏን በክሪክ አነሣናት። ክሪክ ብቻውን አይታመንምና በብረት መቆሚያዎች ላይ አስደግፈናት ከሥሯ ገባን። ሌሊቱን ዘይት ጠጥተው ያደሩት ስድስቱ የነሐስ ዳዶዎች ሳያስቸግሩ ተፈቱ፤ አሮጌው ቧንቧ ግን በእጄ ላይ ተፈረፈረ። ዝገቱ ከውስጥ ነበር።

«ከውስጥ ለምን ዛገ?» ብዬ ጠየቅሁ።

«ኬሚስትሪ የምታስተምረው አንተ አይደለህም እንዴ?» አሉኝ።

አፈርሁ። ቤንዚን ሲቃጠል ውሃ ይገኛል፤ ከአንድ ሊትር ቤንዚን የሚወጣው ውሃ ወደ አንድ ሊትር ይጠጋል። መንገዱ ሲረዝም ቧንቧው ስለሚግል ውሃው ተንፎ ይወጣል፤ ጉዞው ሲያጥር ግን እዚያው ቀርቶ ብረቱን ይበላዋል። ፎርሙላውን በቃሌ አውቀዋለሁ፤ ውሃው ወዴት እንደሚሄድ ግን አንድ ቀን እንኳ አስቤ አላውቅም።

አዲስ ጓርኒሲዮን ካደረግን በኋላ ሽማግሌው፥ «ሁሉንም አላልተህ ስቀል፤ ቧንቧው ቦታ ቦታውን ሲይዝ ከሞተሩ ጀምረህ ወደ ኋላ አጥብቅ» አሉኝና ሻይ ሊያፈሉ ገቡ። እኔም ጉብዝናዬን ላሳይ ብዬ ያገኘሁትን ዳዶ ሁሉ በየተራ አጠበቅሁት። ሞተሩ ሲነሣ ቧንቧው ከኦቶሞቢሏ ወለል ጋር እየተጋጨ እንደ ከበሮ ተመታ። ሽማግሌው አልተቆጡኝም፤ መፍቻውን ብቻ አቀበሉኝ። ሁሉንም ፈትቼ እንደ ገና ስሠራ ቀኑ መሸ።

የተማረ ሰው እጁን ዘይት አያስነካም የሚለው ልማድ በእኔም ላይ ነበረ። እነሆ ዛሬ ስለ መቃጠል ሳስተምር ተማሪዎቼን በማለዳ ወደ ውጭ አወጣቸዋለሁ፤ ገና ከተነሣ ኦቶሞቢል ጭስ ማውጫ ጫፍ ላይ የሚንጠባጠበውን ውሃ ያያሉ። ፎርሙላውን የምንጽፈው ከዚያ በኋላ ነው።