በአውቶሞቢል እስከ ራቤል

አብሮኝ የሚያስተምር አንድ ወዳጅ አለኝ። ምኞቱ አይስላንድ ሄዶ አውቶሞቢል ተከራይቶ ደሴቲቱን ዙሪያዋን መንዳት ነው። ዙሪያ መንገዱ ከ1,300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ በግራም በቀኝም የሚታየው እሳተ ገሞራ የተፋው ድንጋይ ነው እያለ ያስጐመጀኛል። እኔም «በዚያ ዓይነት ድንጋይ እኛ መንዝ ላይ ቤት እንሠራበታለን» አልኩት።

አንባቢዬ ይህን እንደ ጉራ አይቍጠርብኝ። መንዝ የቆመው በጥንት ዘመን ቀልጦ በፈሰሰ ጥቍር ድንጋይ ላይ ነው፤ የሥነ ምድር ሊቃውንትም አንዱን የድንጋይ ክፍል በጣርማ በር ስም ይጠሩታል። የአይስላንድ ረጅሙ ተራራ 2,110 ሜትር ያህል ሲሆን፥ የኛ የጓሳ ሜዳ ግን ከ3,200 ሜትር በላይ ነው። ባሕር አልከበበንም እንጂ ገደልስ ከቦናል።

ወዳጄ ተረታና ዕቅዱን በደብተር ጻፍን። እስከ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ ቍርስ እዚያ። ጣርማ በር ሲደርሱ ጣልያን በወረራው ዘመን ወደ ቈፈረው ዋሻ ሳይገቡ ወደ መንዝ መታጠፍ ነው። ከዚያ መዘዞ፥ ሞላሌ፥ መሐል ሜዳ። እዚህ ላይ ኪሎ ሜትር መቍጠር ቀርቶ ሰዓት መቍጠር ይጀመራል። ክረምት ጭቃና ጉም ስለ ሆነ ጥርን መረጥን። ሁለት ትርፍ ጎማና አንዳንድ ባና ያዝን፤ የመንዝ ሌሊት በሹራብ አይታለፍምና።

አንዱን ቀን ለጓሳ ሰጠነው። ጭላዳውና ቀይ ቀበሮው ይታያሉ፤ እኔን የሚገርመኝ ግን ሣሩ ነው። ለቤት ክዳን፥ ለገመድ፥ ለገሳም ይሆናል። የአስቦና የገራ ተወላጆች ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ በቄሮ ሥርዓት ጠብቀውታል፤ ሜዳው ዓመታት ተዘግቶ ይከርምና በደንብ ይከፈት ነበር። የ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ያን ሥርዓት ቢያፈርሰውም ሕዝቡ በሌላ ማኅበር መልሶ ይዞታል።

የራቤል ገጽ ላይ ግን ሰዓት አልጻፍንም። ራቤል አያቴ አሉ። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልሉ በተነሣው ግጭት የተነሣ የመንገዱ ነገር ከጎማና ከቤንዚን አልፏል። ስልክ የተገኘ ቀን «እማማ፥ መንገዱ እንዴት ነው?» እላቸዋለሁ።

«መንገዱማ ያው አለ ልጄ፤ የሚመጣበት ነው የጠፋው» ይሉኛል።

ወዳጄ ብዕሩን ይዞ «ታዲያ መቼ ልበል?» አለኝ። «ጥር» አልነውና ዓመቱን ባዶ ተውነው። ለእማማ የሚወሰደው ቡናና ስኳር ግን ተገዝቶ ከአልጋዬ ሥር ተቀምጧል።