በሊትር 16 ትሄዳለች አልኳት

አትሄድም ነበር። ጉለሌ ውስጥ፣ በእኛ ዳገትና በእኛ የመንገድ መጨናነቅ፣ ያቺ ቪትዝ መኪናዬ በአንድ ሊትር ቤንዚን 10 ኪሎሜትር ከሄደች ደህና ሄደች ነው የሚባለው። ይህን የማውቀው በግምት አልነበረም። አባቴ የታክሲ ሹፌር ነበር፤ በፊያት 600 ነው ያሳደገን። ቤንዚን በቀዳ ቁጥር የሊትሩን ብዛትና የኪሎሜትር ቆጣሪውን ንባብ በእርሳስ ይጽፋል፤ ልማዱን ለእኔም አወረሰኝ። በየካቲት 1966 የቤንዚን ዋጋ በግማሽ ጨምሮ የከተማው ባለታክሲዎች ሥራ ሲያቆሙ እሱም አብሮ አቁሟል። አንድ ሊትር በሰው ጓዳ ውስጥ ምን ማለት እንደሆነ ከልጅነቴ የማውቅ ሰው ነኝ። መኪናዋን በሰኔ 2014 መጀመሪያ ስሸጥ እውነተኛው ቁጥር በራሴ እጅ ደብተር ላይ ተጽፎ መኪናዋ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ገዢዋ ልታይ ከመምጣቷ በፊት ደብተሩን አውጥቼ ቤት ደበቅኩት።

ገዢዋ የሰፈሬ ልጅ ናት። ሽሮ ሜዳ የሐበሻ ቀሚስ ትሸጣለች። ጥበቡንና ነጠላውን የምትሰበስበው ከእንጦጦ ሥር፣ ዳገቱ ላይ ከተሠሩት የሸማኔ ቤቶች ነው። በኮንትራት ታክሲ ማመላለሱ ትርፏን እየበላ ስላስቸገራት፣ እቁቧ ሲደርሳት መኪና ለመግዛት ቆረጠች። ስለ ቀለሟም ስለ ወንበሯም አልጠየቀችኝም። «ጋሼ፣ የእኔ ጭንቀት የነዳጁ ነገር ነው፤ በሊትር ስንት ትሄዳለች?» አለችኝ። «16» አልኳት። እዚያው ቆማ በስልኳ አሰላች። በወር 1,000 ኪሎሜትር ብትሄድ 62 ሊትር ተኩል፤ ሊትሩ ያኔ 36 ብር ከ87 ሳንቲም ነበርና 2,300 ብር ገደማ። መንጃ ፈቃድ ገና ስላላወጣች ለሹፌር የምትከፍለውንም ደመረችበት። «ይህማ ይቻላል» አለች።

16 አንድ ጊዜ በማለዳ፣ ከሱሉልታ ወደ ጫንጮ ሜዳ ለሜዳ፣ ብቻዬን፣ በአምስተኛ ማርሽ ረጋ ብዬ ነድቼ ያገኘሁት ቁጥር ነው። ከባዶ የተፈጠረ ስላልነበረ ለመናገር አፌን አልያዘኝም። «ሄዳ ታውቃለች፤ ዋሽቼ አይደለም» ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ጫንጮ ድረስ ጨርቅ እንደማትጭን ግን አውቅ ነበር። የጠየቀችኝ ስለ ሽሮ ሜዳ ነው፤ የመለስኩላት ስለ ሱሉልታ ሜዳ።

ልዩነቱ ለምን ይህን ያህል እንደሚሰፋ ያን ቀን ቁጭ ብዬ ላስረዳት ይገባ ነበርና አሁን እጽፈዋለሁ። በጃፓኑ ካታሎግ ላይ ለእንዲህ ዓይነት 1,000 ሲሲ መኪና ወደ 20 የሚጠጋ ቁጥር ይሰጣል። የተለካው 10·15 በሚባለው በያኔው የጃፓን መለኪያ ነው። መኪናዋ ጎማዋን ብቻ በሚያሽከረክር ማሽን ላይ ቆማ፣ ሞተሯ አስቀድሞ ሞቆ፣ 4 ኪሎሜትር ከጥቂት በ11 ደቂቃ ትሄዳለች። ዳገትም ጭነትም የለበትም። ጉለሌ ግን ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። እዚህ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ስለሆነ ትንሽ ሞተር ከጉልበቱ ብዙ ያጣል፤ ነጂው ማርሽ እየቀነሰ ነዳጅ ከመርገጥ ሌላ ምርጫ የለውም።

ዳገቱም በሒሳብ ይታያል። መኪናዋ፣ ሹፌሩና የጨርቁ እስር ተደምረው 1,200 ኪሎ ቢመዝኑ፣ 100 ሜትር ሽቅብ ለመውጣት ብቻ 1.2 ሜጋጁል ያህል ጉልበት ይጠይቃል። ሞተሩ ከቤንዚኑ ጉልበት ጎማው ላይ የሚያደርሰው ሩቡን ያህል ነው ብንል፣ በየ100 ሜትሩ ከፍታ ከ100 ሚሊሊትር የሚበልጥ ቤንዚን ይነዳል። ይህ ሜዳ ላይ ሁለት ኪሎሜትር የሚያስኬድ ነው። ቁልቁል ሲወርዱ የወጣው አይመለስም፤ ፍሬኑ ላይ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። አጭር አጭር ጉዞ ደግሞ አለ። ከአንዱ ሸማኔ ቤት ወደ ሌላው ተሂዶ፣ ተቁሞ፣ ቡና ተጠጥቶ ሲነሳ ሞተሩ ቀዝቅዟል፤ የቀዘቀዘ ሞተር እስኪሞቅ ድረስ ነዳጅ አብዝቶ ይወስዳል።

ይህ ሁሉ የማንኛዋም ትንሽ መኪና ዕጣ ነው። የእኔዋ ግን የራሷ ሕመም ነበረባት፤ ያመጣሁባትም እኔ ነኝ። ብር ለመቆጠብ ብዬ የሞተር ዘይት የሚቀየርበትን ጊዜ አሳልፍ ነበር። ከዓመታት በኋላ የፒስተኑ ፋሻ ተበላ፤ መኪናዋ ዘይት መጨረስ ጀመረች። ጠዋት ስትነሳ ሰማያዊ ጭስ ታወጣለች፤ ካንዴላዋ ሲፈታ በዘይት ጠቁሮ ይገኛል። ከመሸጤ በፊት አዲስ ካንዴላ አስገባሁ፤ ወፍራም ዘይትም ሞላሁባት። ወፍራም ዘይት ጭሱን ለጥቂት ሳምንታት ይሸፍነዋል። መካኒክ አምጥታ ብታስነሳት እንኳ ምንም አታይም ነበር።

የሻጭ ዘመንም ነበር። የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ባረጁ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ከጣለ ወዲህ አገር ውስጥ የነበሩት ትንንሽ መኪኖች ዋጋቸው ሰማይ ነክቶ ነበር። እኔም ከገዛሁበት አብልጬ ሸጥኳት። ገዢ ሊያማርጥ በማይችልበት ገበያ ላይ ሻጭ እውነቱን ቢናገር ምን ይጎዳ ነበር? ብትገዛት በቅናሽ ትገዛት ነበር፤ ቢበዛ ለሞተሩ ማሠሪያ የሚሆን ብር ትቀንስብኝ ነበር። ያን ብር ላለማጣት ነው ይህ ሁሉ የመጣው።

ያኔ ያልገባኝ አንድ ነገር አለ። በዋጋ ላይ የሚዋሽ ሰው አንድ ጊዜ ወስዶ ይሄዳል። በነዳጅ ፍጆታ ላይ የሚዋሽ ግን መኪናዋ በተንቀሳቀሰች ቁጥር ከገዢው ኪስ እንደገና ይወስዳል። ከተዋዋልን ወር ሳይሞላ፣ ከሰኔ 29 ቀን 2014 ጀምሮ መንግሥት የነዳጅ ድጎማውን ለሕዝብ ትራንስፖርት ብቻ አድርጎ ቤንዚን 47 ብር ከ83 ሳንቲም ገባ። በ16 እና በ10 መካከል ያለው ልዩነት በ1,000 ኪሎሜትር 37 ሊትር ተኩል ነው። ስንዋዋል ይህ በወር 1,380 ብር ገደማ ነበር፤ በዚያ ሐምሌ ወደ 1,800 ተጠጋ። በ2017 የገና ሰሞን ሊትሩ 101 ብር ከ47 ሳንቲም ሲገባ 3,800 አለፈ። እኔ ቤቴ ተቀምጬ ውሸቴ ከነዳጁ ጋር አብሮ ይወደድ ነበር።

አሁን ለመጻፍ ወደሚከብደኝ ደረስኩ።

መስከረም 2015 ላይ ቤቴ መጣች። የቀጠረችው ሹፌር የዚያው የሰፈራችን ልጅ ነበር፤ ገና ወጣት፣ ከእናቱ ጋር የሚኖር። «ጋሼ፣ ሰው ላማክር ብዬ ነው» አለችኝ። «ይህ ልጅ ቤንዚን እየቀዳ ይሸጥብኛል መሰለኝ። እርስዎ 16 ያሉኝ መኪና እሱ ጋ 10 አትሞላም። ብጠይቀው ይምልልኛል።» የመጣችው ሊከሰስ የሚገባው ሰው ዘንድ መሆኑን አላወቀችም፤ ለእሷ ምስክሯ እኔ ነበርኩ። አንድ ዓረፍተ ነገር ብናገር ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። እኔ ግን «የዛሬ ልጅ ምኑ ይታመናል» አልኳት። እንዲህ ነው ያልኩት። ቃሉን አላሳምረውም።

በሳምንቱ አሰናበተችው። ሽሮ ሜዳ ትንሽ ቦታ ነው፤ ሹፌር በቤንዚን ሌብነት ተባረረ ከተባለ ቁልፍ የሚሰጠው ሰው አያገኝም። አላገኘምም።

ከዚያ ራሷ መንጃ ፈቃድ አውጥታ መንዳት ጀመረች። ቁጥሩ ያው 10 ሆነ፤ አንዳንዴም 9። እንደገና መጣች፤ አሁን ጥፋቱን በራሷ ላይ አድርጋለች። «እግሬ ከባድ ነው መሰለኝ፤ አነዳዴን ይንገሩኝ» አለችኝ። ያኔም አልተናገርኩም። ይልቅ እንደ አዋቂ ተቀምጬ «ቁልቁለቱን በፎሌ ውረጂ፤ ቤንዚን ይተርፍልሻል» ብዬ መከርኳት።

ይህ ምክር በሁለት በኩል ስሕተት ነው። በአባቴ ዘመን በነበረው ባለካርቡራተር ሞተር ምናልባት ትንሽ ያተርፍ ይሆናል። ኢንጀክሽን ባለው ሞተር ግን መኪናዋ ማርሽ ውስጥ እያለች እግር ከነዳጅ ፔዳሉ ላይ ሲነሳ ኮምፒውተሩ ቤንዚኑን ይዘጋዋል፤ ጎማው ራሱ ሞተሩን ያዞረዋል። ማርሹ ወጥቶ ፎሌ ላይ ሲደረግ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ቤንዚን መጠጣቱን ይቀጥላል። ስለዚህ በፎሌ መውረድ ነዳጅ አያተርፍም፤ ይጨምራል። የከፋው ደግሞ ሞተሩ መኪናዋን መያዙ ቀርቶ ክብደቷ ሁሉ ፍሬን ላይ መውደቁ ነው።

በየካቲት 2017 እናቷን ከእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ጠበል ይዛ በፎሌ ስትወርድ ፍሬኑ ጋለ። የሸራው ሽታ ገባቸው፤ ቀጥሎ ፔዳሉ ወለል ድረስ ወረደላት። ያ መንገድ እንጨት የተሸከሙ እናቶች ጎንበስ ብለው የሚወርዱበት መንገድ ነው። መሪውን ወደ ዳር ሰብራ ከድንጋይ አጥር ጋር አላትማ አቆመቻት። ሰው አልተጎዳም። የመኪናዋ ጎን ተጨራመተ፤ እናቷ ለሳምንታት እንቅልፍ አጡ።

ሲነገረኝ መጀመሪያ የጠየቅኩት «በፎሌ ነበር?» ብዬ ነው። ነበር። እንግዲህ ምንም የምሸሸግበት አልቀረኝም።

ደብተሩን ይዤ ሱቋ ሄድኩ። ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኳት፤ 16 ከየት እንደመጣ፣ ስለ ወፍራሙ ዘይት፣ ስለ ፎሌው። አልጮኸችብኝም። ስልኳን አወጣች። ከሚያዝያ 2015 ጀምሮ በአዲስ አበባ ነዳጅ የሚቀዳው በኤሌክትሮኒክ ክፍያ ብቻ ስለሆነ የቀዳችው ሁሉ ቴሌብሯ ላይ አለ። የእሷን ሊትርና የእኔን ደብተር ጎን ለጎን አደረግናቸው። በእኔ እጅ በነበረች ጊዜና በእሷ እጅ ባለችበት ጊዜ መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልነበረም። ረጅም ሰዓት ዝም ብላ ቆየችና «ልጁስ?» አለች። ስለ ገንዘቡ አይደለም መጀመሪያ የጠየቀችው።

ስለ ገንዘቡ ተስማምተናል። ፋሻው ተቀይሮ ሞተሩ የታደሰበትንና የጎኗን ማስተካከያ ከፈልኩ፤ የነዳጁን ልዩነት በየወሩ እየከፈልኩ ነው። ሞተሯ ከታደሰ በኋላ በዚያው ዳገት 12 ገደማ ትሄዳለች። እውነቱን ለሚፈልግ ሰው ማወቁ ከባድ አይደለም፤ ታንከሩን እስከ አፉ ሞልቶ፣ በዘወትር መንገዱ ጥቂት ቀን ነድቶ፣ መልሶ እስከ አፉ ሲሞላ የሄደበትን ኪሎሜትር ለሞላው ሊትር ማካፈል ብቻ ነው። ያገለገለች መኪና የሚገዛ ሰው የሻጩን ቃል ትቶ ይህን ይጠይቅ፤ ሻጩም እምቢ ካለ መልሱን ሰጥቶታል።

ልጁን አብረን ሄደን አገኘነው። ዛሬ የጭነት መኪና ረዳት ነው፤ መሪ አልያዘም። እሷ ይቅርታ ጠየቀችው፤ እኔም ጠየቅኩት። ለእሷ አንገቱን ነቀነቀላት። እኔን ግን «ጋሼ፣ ለእኔ ነግረውኛል፤ እኔ ድሮም አውቀዋለሁ። ለእናቴና ለሰፈሩ ይንገሩልኝ» አለኝ። ለእናቱ የዚያኑ ቀን ነገርኳቸው። ለዕድራችንም ቆሜ ተናግሬያለሁ። በዕድሩ ያልነበረ፣ ከሰፈሩ የለቀቀ፣ ወሬውን ሰምቶ ማስተባበያውን ያልሰማ ሰው ግን ብዙ ነው፤ ይህን የጻፍኩት ለእነሱ ነው። ያ ልጅ ከዚያች መኪና አንድ ሊትር ቤንዚን አልወሰደም። የጎደለውን 6 ኪሎሜትር የወሰድኩት እኔ ነኝ።