በበርበሬ በረንዳ የምታጉረመርም መኪና

ወደ በርበሬ በረንዳ የሚሄድ ሰው፣ ሥፍራውን ዐይኑ ከማየቱ አስቀድሞ አፍንጫው ያውቀዋል። ከማረቆና ከሐላባ በጆንያ ተጭኖ የመጣው ዛላ በርበሬ ሲራገፍ የሚነሣው አቧራ አላፊ አግዳሚውን ያስነጥሳል፤ ሴቶቹ በነጠላቸው ጫፍ፣ ወንዶቹ በመዳፋቸው አፍንጫቸውን ይዘው ያልፋሉ። ከአፍንጫ ቀጥሎ ተረኛው ጆሮ ነው። ወፍጮው ያጓራል፤ ባለጋሪው ዞር በሉ እያለ ይጮኻል፤ የጭነት መኪና ረዳትም «ና! ና! በቃ!» እያለ የመኪናውን ጎን በመዳፉ ይደበድባል።

እንዲህ ባለ ሥፍራ አንዲት ያረጀች መኪና ብታጉረመርም ማን ልብ ይላታል? ነገሩ ለጨዋታ ያህል የተነሣ ይመስል ይሆናል፤ ነገር ግን በከተማችን ብዙ ሰው ተሳፍሮ የሚውለው በአሮጌ መኪና ነው። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ መከልከሉን ካስታወቀ ወዲህማ፣ ያለችውን መኪና ጠግኖ መያዝ ግድ ሆኗል። ስለዚህ የመኪናን ድምፅ መለየት ለመካኒክ ብቻ የሚተው ዕውቀት አይደለም።

ክረምቱ አልቆ መስከረም በጠባ ሰሞን፣ ከአንድ አዛውንት ጎረቤቴ ጋር የዓመቱን በርበሬ ለመግዛት ወደዚያው ሄጄ ነበር። መኪናቸው ላዳ ናት፤ በሶቭየት ኅብረት ፋብሪካ፣ የኢጣሊያውን ፊያት 124 መሠረት አድርጋ የተሠራች። ጠዋት ጠዋት የሠፈሩን ሕፃናት ወደ ትምህርት ቤት የምታደርሰው እርሷ ናት። በመንገድ ላይ ግን ከወለሉ በታች «እርርር» የሚል ድምፅ ታሰማ ጀመረች። አዛውንቱም፣ «ካምብዮዋ አልቋል፤ ጆንያውን ከጫንን በኋላ ሱማሌ ተራ ገብተን ሌላ እንፈልጋለን» አሉ። ሱማሌ ተራ የመኪና መለዋወጫ የሚሸጥበት የመርካቶ ክፍል ነው፤ ካምብዮ መግዛት ደግሞ የብዙ ወር ገቢያቸውን የሚበላ ነበር።

በዚያው አካባቢ የጭነት መኪና ሲያበጅ ያገኘነው ወጣት መካኒክ ነገሩን ከሰማ በኋላ፣ «ጋሼ፣ ከኪስዎ በፊት ጆሮዎ ይቅደም። እዚህ ግን ከወፍጮው ጋር ተወዳድሬ ልሰማልዎ አልችልም፤ እሑድ በማለዳ ይምጡ። እስከዚያው ሕፃናቱን አይጫኑባት» ብሎ አሰናበተን።

እሑድ ማለዳ፣ በርበሬ በረንዳ ሌላ አገር ይመስላል፤ የእግር ኮቴ እንኳ ይሰማል። መካኒኩ ምርመራውን በቅደም ተከተል ጀመረ። በመጀመሪያ መኪናዋን አቁሞ ሞተሩን አስነሣና ቤንዚን ሰጠ። ማጉረምረሙ ያን ጊዜ ቢሰማ ኖሮ፣ ጥርጣሬው በሞተሩ ወይም በተቀደደ ማርሚታ ላይ ይወድቅ ነበር፤ የማርሚታ ቀዳዳ መርዛም ጭስ ወደ ጋቢና ሊያስገባ ስለሚችል እርሱም የሚናቅ አይደለም። የረጅም ካቻቪቴ ጫፉን በሞተሩ፣ እጀታውን በጆሮው ላይ አድርጎም አዳመጠ። ፈረንሳዊው ሐኪም ላኤኔክ በ1816 እ.ኤ.አ. የተጠቀለለ ወረቀት በሕመምተኛ ደረት ላይ አድርጎ የልብን ምት ያዳመጠበት ዘዴ ከዚህ አይርቅም። ሞተሩ ደኅና ነበር።

ቀጥሎ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ያህል እየነዳ፣ ሞተሩን ሳያጠፋ ማርሹን አወጣ። የሞተሩ ድምፅ ወረደ፤ ማጉረምረሙ ግን ከመኪናዋ ፍጥነት ጋር ቀጠለ። ከሻካራው አስፋልት ወደ ለስላሳው ሲያልፍም ስላልተለወጠ፣ የጎማው ላስቲክ ከጥርጣሬ ወጣ። ከዚያ መሪውን ቀስ ብሎ ወደ ቀኝ ሲያዞር ድምፁ ጎላ፤ ወደ ግራ ሲያዞር ቀነሰ። መኪና ወደ ቀኝ ስትታጠፍ ክብደቷ ወደ ግራ እግሮቿ ስለሚያደላ፣ ሕመሙ በግራ በኩል መሆኑ ተገመተ። በመጨረሻ ሌሎቹን ጎማዎች በድንጋይ አስደግፎ በክሪክ አነሣትና፣ የፊተኛውን ግራ ጎማ ከላይና ከታች ይዞ ነቀነቀው፤ ተወላወለ። በእጁ ሲያሽከረክረውም አሸዋ እንደገባበት ወፍጮ ተንኮሻኮሸ። «ጋሼ፣ ካምብዮዋ ጤነኛ ነው፤ የታመመው ኩሽኔታዋ ነው» አለ።

ኩሽኔታን የማያውቅ የአዲስ አበባ ልጅ የለም፤ ከእንጨት ለሚሠሩት ጋሪ እግር የሚያደርጉት ያ የብረት ቀለበት ነው። ስሙም እንደ ካምብዮና እንደ ማርሚታ፣ እንደ መርካቶም ጭምር፣ ከኢጣሊያንኛ የመጣ ነው። በሁለት ቀለበቶች መካከል ትንንሽ የብረት ኳሶች ወይም በርሜል መሰል ብረቶች በግራሶ ታሽተው ይሽከረከራሉ። የክረምት ጎርፍ ግራሶውን ሲያበላሸው ወይም የመንገድ ጉድጓድ ሲደጋግም ሲመታው፣ ለስላሳው ብረት ይቦረቦራል። የላዳ ጎማ በ40 ኪሎ ሜትር ፍጥነት በሴኮንድ 6 ጊዜ ያህል ይዞራል፤ በእያንዳንዱ ዙር ብረቶቹ እየተከታተሉ ቡርቡሩን ይረግጣሉ። ጆሯችን ይህን ሁሉ ምት ለይቶ መቁጠር ስለማይችል አንድ ላይ አድርጎ ማጉረምረም ይለዋል። ችላ ከተባለ ግን ኩሽኔታው ይደርቃል፤ ሲብስም ጎማው እስከ መነቀል ይደርሳል። ይህ በእንጦጦ ቁልቁለት፣ ሕፃናት ተሳፍረው ሳለ ቢሆን ምን እንደሚከተል አንባቢ ራሱ ይገምተው።

አሮጌው ተነቅሎ፣ በቀለበቱ ላይ የተቀረጸው ቁጥር እየታየ አምሳያው በማግሥቱ ከሱማሌ ተራ ተገዛ፤ ዋጋው ከካምብዮ ጋር የሚወዳደር አልነበረም። ሕፃናቱም ማክሰኞ በላዳዋ ትምህርት ቤት ገቡ።

የመካኒኩ ጥበብ ብዙ መሣሪያ አልጠየቀም። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ እየለወጠ ድምፁን ጠየቀ፤ አስቀድሞ ሞተሩን፣ ከዚያ መንገዱን፣ ከዚያ መሪውን። እኛም በትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ ውስጥ የምናስተምረው ይህንኑ ነው። ነገ በኤሌክትሪክ የሚሄዱት መኪናዎች ከተማውን ቢሞሉትም ዕውቀቱ አያረጅም፤ ሞተራቸው ዝም ይበል እንጂ እግራቸው የሚዞረው በኩሽኔታ ነው። የበርበሬ በረንዳ ወፍጮም እንደዚሁ በኩሽኔታ ላይ ይዞራል። ባለወፍጮው ከደንበኛ ጋር ዋጋ ሲከራከር የማይሰማ ይመስላል፤ የወፍጮው ድምፅ ጥቂት የተለወጠ እንደሆነ ግን ንግግሩን አቋርጦ ማጥፊያውን ለመያዝ ይሮጣል።