መሐል ላይ ያለው አስተላላፊ

በአንድ ጦር ውስጥ ያሉ ሁለት የመገናኛ መሣሪያዎች ላይግባቡ ይችላሉ ቢባል ማን ያምናል? «የአንድ አገር ጦር አይደል እንዴ?» ያሰኛል። ነገሩ ግን እውነት ነው። የአሜሪካ አየር ኃይል ኤፍ-15 አውሮፕላን መረጃ የሚለዋወጠው ሊንክ 16 በተባለው መረብ ሲሆን፣ እግረኛውን የሚያግዘው ኤ-10 ደግሞ ሳድል በተባለ ሌላ መረብ ሲጠቀም ኖሯል። አንዱ የላከውን ሌላው በቀጥታ አያነበውም።

በዚህ ላይ ተራራ አለ። የእጅ ሬዲዮ ሞገድ እንደ ዓይን እይታ ቀጥ ብሎ ስለሚሄድ ተራራ ይጋርደዋል። እኛ ሶዶ ያለን ሰዎች ይህን ለመረዳት ወደ ዳሞታ ቀና ማለት ይበቃናል። ከተራራው ወዲህና ወዲያ ያሉ ሁለት ሰዎች እንዲነጋገሩ፣ ከላይ ሆኖ ሁለቱንም የሚያይ ሦስተኛ ያሻል።

አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ አፍጋኒስታን ውስጥ ያደረጉት ይህንኑ ነው። ባክን የተባለውን መሣሪያ በአውሮፕላን ጭነው፣ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ እንዲያንዣብብ አደረጉ። መሣሪያው ከአንዱ ይቀበላል፤ ሌላው በሚያውቀው አኳኋን ይገለብጣል፤ ያስተላልፋል። ለማንም «ሬዲዮህን ጣልና የእኔን ያዝ» አይልም።

ይህን ያነሳነው የጦር መሣሪያ ልናደንቅ አይደለም። የእኛም ሥራ መሐል ቆሞ ማስተላለፍ ስለሆነ ነው እንጂ። አገራችን ሁለቱንም መንገድ ሞክራለች። በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ትምህርቱ ቀስ በቀስ በ15 ቋንቋዎች ተሰጠ፤ ወላይትኛም አንዱ ነበር። በ1992 ዓ.ም. ግን የወላይታ፣ የጋሞ፣ የጎፋና የዳውሮ ቋንቋዎች «ወጋጎዳ» በሚል አንድ ላይ ተጨፍልቀው መማሪያ መጽሐፍ ሆነው መጡ። ቋንቋዎቹ ዘመዳሞች ናቸው፤ ቢሆንም ሕዝቡ «ይህ የማንም አይደለም» አለ። እዚሁ ሶዶ ተቃውሞ ተነሣ፤ የሰው ሕይወት ጠፋ፤ መጻሕፍቱም ቀሩ። እንግዲህ ማገናኘትና መጨፍለቅ ለየቅል ናቸው።

ይህ ለእኛ የትናንት ታሪክ ብቻ አይደለም። በልምምድ ትምህርት ላይ ሳለን ስለ ውኃ ትነት ስናስተምር ክፍሉ ጸጥ አለ። «ኢቫፖሬሽን» አልን፤ ዝም። በአማርኛ ደገምነው፤ አሁንም ዝም። ከመካከላችን ወላይትኛ የሚያውቀው ጓደኛችን ተነሥቶ «ሃታ» ብሎ፣ ውኃ ሲፈላ ድስቱ ላይ ምን እንደሚታይ በቋንቋቸው ቢጠይቃቸው፣ ልጆቹ እጅ ለማውጣት ተጋፉ! ዕውቀቱ ከነሱ ዘንድ ነበረ፤ የጠፋው አስተላላፊ ነው።

ታዲያ ከመካከላችን የጋሞ፣ የዳውሮ፣ የሐዲያም ልጆች አለን፤ የምንመደብበትን አናውቅም። ቋንቋውን የማናውቅበት ቦታ ብንደርስስ ምን ይዋጠን? አስተላላፊ ሁለቱንም ወገን ሳያውቅ አስተላላፊ አይሆንም።

ስለዚህ አንድ ሐሳብ እናቀርባለን። ከዚህ ጋዜጣ ጎን አንድ ወረቀት ይለጠፍ። እያንዳንዳችን በየሳምንቱ አንዲት የሳይንስ ወይም የሒሳብ ቃል በአፍ መፍቻ ቋንቋችን ከነምሳሌዋ እንጻፍበት። መምህራኖቻችንም ያርሙን። ወረቀቱ ሲሞላ ወደ ደብተራችን እንገልብጠው፤ በየተመደብንበት ይዘነው እንሄዳለን።