ንጹሕ ስኳር ትቼ የቡና ገለፈት ለምን መረጥኩ?



«ላብራቶሪ ውስጥ ስትውዪ ምን ትሠሪያለሽ?» የምትሉኝ ብዙ ናችሁ። ለማስተርስ የማጠናው ዜኦላይት ስለሚባል ማዕድን ነው። ስሙን ያወጣለት ስዊድናዊው አክሰል ክሮንስቴት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1756 ድንጋዩን ሲያሞቀው እንፋሎት ሲወጣው አይቶ በግሪክኛ «የሚፈላ ድንጋይ» አለው። ውኃው ተደብቆ የነበረው ዓይን በማያያቸው የድንጋዩ ቀዳዳዎች ውስጥ ነው።

እኔ የምሠራበት ዜድ-ኤስ-ኤም-5 የተባለው ዓይነት ቀዳዳው ግማሽ ናኖሜትር ያህል ነው። እንደ ወንፊት ትንሹን ሞለኪውል ያስገባል፣ ትልቁን ይመልሳል። ከወንፊት የሚለየው ግን ውስጡ አሉሚኒየም ባለበት ሁሉ አሲድ የሆነ ሃይድሮጅን መያዙ ነው። የገባው ሞለኪውል እዚያ ተለውጦ ይወጣል፤ ድንጋዩ ራሱ አያልቅም። ካታሊስት የሚባለውም ለዚህ ነው።

ጥቅሙስ? እንጨት፣ አገዳ ወይም ገለባ አየር በሌለበት ወደ 500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሞቅ ተሰባብሮ ይተናል። ትነቱን በዚህ ድንጋይ ውስጥ ስናሳልፈው እንደ ቶሉይንና ዛይሊን ያሉ ኬሚካሎች ይገኛሉ። ቶሉይን ለቀለም ማቅጠኛ ይሆናል፤ ከዛይሊን አንዱ ዓይነት «ሃይላንድ» የምንለው የውኃ ፕላስቲክ የሚሠራበት ነው። ዛሬ ሁለቱም በብዛት የሚመጡት ከነዳጅ ዘይት ነው።

የጥናት ርዕስ ስመርጥ ሁለት መንገድ ነበረኝ። ቀላሉ በጠርሙስ የታሸገ ንጹሕ ግሉኮስ ገዝቶ መሞከር ነው። በዚህ መንገድ ትልልቅ ሥራዎች ተሠርተዋል። እ.ኤ.አ. በ2010 የካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ተቋም ተመራማሪዎች ቆርቆሮ የተባለውን ብረት የያዘ ዜኦላይት ተጠቅመው፣ ውኃ ውስጥ የሟሟ ግሉኮስን በ110 ዲግሪ ሙቀት በግማሽ ሰዓት 31 በመቶ ያህል ወደ ፍሩክቶስ ለውጠዋል። ሥራቸውን አከብራለሁ፤ ብዙም ተምሬበታለሁ። ነገር ግን ስኳር ምግብ ነው። እኔ ያደግኩት ጅማ አካባቢ፣ የቡና ገለፈት ተራራ በሚያክልበት ሰፈር ነው። ከቡና ማጠቢያ የሚወጣው እጣቢ ወንዝ ሲገባ ውኃው ይሸታል፣ ከብቱም አይጠጣውም። ስለዚህ ሁለተኛውን መንገድ፣ ገለፈቱን መረጥኩ።

ገለፈት እንደ ስኳር ታዛዥ አይደለም። ፖታሲየም ይበዛበታል፤ ፖታሲየም ደግሞ የሃይድሮጅኑን ቦታ እየያዘ የድንጋዩን አሲድ ይገድለዋል። በላዩም ላይ ጥቁር ከሰል ይጋገርበታል። ከሰሉ አየር ባለበት ወደ 550 ዲግሪ ሲሞቅ ተቃጥሎ ይለቃል፤ ፖታሲየሙ ግን አይቃጠልም። ስለዚህ ገለፈቱን አስቀድሜ በውኃ አጥባለሁ፤ አብዛኛው ፖታሲየም ከውኃው ጋር ይወጣል። ፖታሲየም ለተክል ማዳበሪያ እንደመሆኑ ያንን ውኃ ወደ ማሳ መመለስ ይቻል እንደሆነም እያየሁ ነው። ይህ ሁሉ ጊዜ ይወስዳል። በግሉኮስ የሠሩ ጓደኞቼ ተመርቀዋል። አባቴ በየስልኩ «ልጄ፣ መቼ ነው የምትጨርሺው?» ይለኛል። ወጪዬን የሚችለው እሱ ነውና ጥያቄው ይከብደኛል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ሒሳቡ ነው። ካርቦን የትም አይጠፋም። የገባው ካርቦን በጋዝ፣ በፈሳሽ፣ በከሰል ወይም በድንጋዩ ላይ በተጋገረው ጥቀርሻ ውስጥ መገኘት አለበት። ያማረውን ፈሳሽ ብቻ መዝኖ «ይህን ያህል አገኘሁ» ማለት ይቻላል፤ አንባቢው ላያውቅ ይችላል። እኔ ግን አራቱንም እመዝናለሁ፤ ድምሩ ከገባው ጋር ካልተቀራረበ ውጤቱን አልጽፈውም። ነጋዴ ሚዛን እንዳያጎድል እንመክራለን አይደል? የተመራማሪም ሚዛን ያው ሚዛን ነው።

ነገ ፋብሪካ ይቆማል አልልም። የእኔ ሪአክተር የሚይዘው ጥቂት ግራም ነው፤ ከዚያ እስከ ፋብሪካ ያለው መንገድ ረጅም ነው። ቢሆንም የታጠበ ገለፈት ድንጋዩን ምን ያህል ዙር እንደሚያሠራው በትክክል ከጻፍኩ፣ ቀጥሎ የሚመጣው ተማሪ ከዜሮ አይጀምርም።

በዚህ ሴሚስተር የመመረቂያ ርዕስ የምትመርጡ እህቶችና ወንድሞች፣ ቶሎ የሚያስመርቀውን ብቻ አትፈልጉ። በአካባቢያችሁ የሚጣለውን፣ ሰው የተቸገረበትንም ተመልከቱ። ለአማካሪያችሁ ደግሞ የሚወስደውን ጊዜ ከመጀመሪያው ንገሩት፤ ለቤተሰብም እንዲሁ። ስለ ዜኦላይት ማወቅ የሚፈልግ ካለ ቅዳሜ ከዐሱር በኋላ ላብራቶሪ አለሁ፤ ኢንሻአላህ ድንጋዩን አሳያችኋለሁ።